መውጫ አለው

ስልሳ ዓመት ሙሉ፣ በመኪና ግርግር፣
ክር የሚበጥሰው በጥርሱ ነበር።
መቀስ አጥቶ አይደለም። መቀሱ አንገቱ ላይ
ተንጠልጥሎ ይውላል፣ ለሚያልፍ እንዲታይ።
«መቀስ ይፈለጋል፣ ይጠፋል፣ ይዶለዱማል፤
ጥርስ ግን» ይለኛል፣ «ከእጅም ይቀርባል።»

(አንቱ ብዬው ነበር፤ ተቆጣኝ።
«ሐረር ነው ያለኸው፤ አንተ በለኝ።»)

እንዲህ ሲል ሲል ኖሮ አንዱ ጥርስ ተሸረፈ፣
ተነቃነቀ ቀጥሎ፣ ኋላም ረገፈ፤
ሕመሙ ግን ቀረ።

ከክራንቻው ኋላ፣ ላንቃው ጠርዝ ላይ፣
አንዲት የምስር ፍሬ የምታህል ቦታ
ሌሊት ሌሊት ትነቃለች፣
ወደ አፍንጫው ሥር እንደ መርፌ ትወጋለች።

አንዱ ሐኪም አየው፤ «ምንም የለም» አለ።
ሁለተኛው ደግሞ ጎረቤቱን ነቀለ፣
ጤነኛውን።
ሦስተኛው ስለ ዕድሜው፣ ስለ ብቸኝነት፣
ስለ ሟች ሚስቱ በትሕትና ጠየቀው፤
የእንቅልፍ ክኒን ጽፎ ሰጠው።
አው ኡመርዲን አመስግኖ ተቀበለ፤
ከልብስ ቁልፎች ጋር በጣሳ አስቀመጠው።

አራተኛው እኔ ነኝ።
መርፌዬን ወጋሁ፤ ደነዘዘ ከንፈሩ፣
ደነዘዘ ጉንጩ፣ አፍንጫው፣ ዳር ድንበሩ፤
ያቺ ቦታ ግን እንቢ።
ደገምኩ። እንቢ።
«በምላሴ ላሳይህ» አለኝ ተኮላትፎ፣
የደነዘዘ ከንፈሩ ወደ አንድ ጎን አርፎ፤
«እዚህ ጋ ነው በሩ።»

እዚያ ጋ በር የለም።
መጽሐፉን አውቀዋለሁ፦
ከዓይን ጉድጓድ በታች አንድ ቀጭን ቦይ ይነሣል፣
የአፍንጫን ግድግዳ ታክኮ ይጠማዘዛል፣
ነርቭና ደም ሥር ተሸክሞ ይወርዳል፣
ለፊት ጥርሶች ያድላል፤ ያበቃል።
መምህራችን በጠመኔ ሠርቶት ነበር፤
አንድ መስመር፣ ቅርንጫፍ የሌለው።
በፈተናም መጣ። አገኘሁት።

ኢፍቱ አጥንቱን በኮምፒውተሩ
እንደ ፓፓያ በስስ በስሱ ቆረጠችው፣
ወደ ላይ፣ ወደ ታች ሄደችው።
«ዶክተር፣ ይሄ ምንድን ነው?»

ጥቁር ነጥብ።
በሚቀጥለው ቁራጭ ላይ ነጥቡ ፈቀቅ ብሏል።
በሚቀጥለውም።
ነጥብን ከነጥብ ብንጠልፈው ክር ሆነ፤
ክሩ ከዋናው ቦይ ተገንጥሎ፣ ዞሮ፣
አጥንቱን በስቶ ከክራንቻው ኋላ ወጣ፤
ልክ ምላሱ ያመለከተበት።
ስፋቱ አንድ ሚሊሜትር። ቢበዛ ትንሽ ፈሪ።

ወደዚህ አገር በመጣሁ በመጀመሪያው ሳምንት፣
የባሕር ዳር ቀጥ ያለ ጎዳና ያሳደገኝ ሰው፣
ካርታ ይዤ ጀጎል ገባሁ፤
ካርታውም እኔም ጠፋን።
ግንቡ አረንጓዴ፣ ግንቡ ሐምራዊ፣ ትከሻዬ ሁለቱን ይነካል፤
ፊት ለፊቴ የሰው ግቢ የሚመስል በር፣
ገመድ ላይ የሕፃን ልብስ።
ተመለስኩ። ዞሬ ዞሬ እዚያው።
ባዶ ጀሪካን የያዘች ልጅ አየችኝና
በማላውቀው ቋንቋ የሆነ ነገር ብላ ሳቀች፤
ኋላ በአማርኛ፦ «መውጫ አለው እኮ።»
ከልብሱ ሥር ጎንበስ ብላ ገባች።
ተከተልኳት። ገበያ መሐል ብቅ አልኩ።

ካርታው አልዋሸም።
የሠራው ሰው በዚያ በኩል አልመጣም እንጂ።

አው ኡመርዲን መነጽሩን አድርጎ
ክሩን በዓይኑ እስከ ጫፉ ተከተለው።
«ስፌቱ ጥሩ ነው» አለ።
ሰዎቹን አልረገመም፤
«ያ ጥርሴ» አለ ብቻ፣ «ጤነኛው፣
የት ይሆን የጣሉት?»

መርፌውን በላንቃው በኩል፣ በዚያች በር ሰጠሁት።
ቦታዋ ዝም አለች፣
በሦስት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ፣
ለአራት ሰዓት ያህል።
ከዚያ ወዲያ ብዙ ሥራ አለብን።

በማግስቱ በመኪና ግርግር ሳልፍ
ክር ሲበጥስ አገኘሁት፣ በቀሩት ጥርሶቹ።
«መቀስ!» ብዬ ጮኽኩ።
አንገቱ ላይ አሳየኝ።